«እስከ ዛሬ ችሎ የለ?»፦ ስለ ብረት ስብራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አሥር ዓመት ሙሉ ጭነት የተሸከመ አክስል (ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) መኪናው ባዶውን ሲሄድ እንዴት ይሰበራል? ብረቱ የማይረባ ነው!» የተሰበረ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ይህንኑ ይደግምልኛል። መስማት ሰልችቶኛል።

ብረት ይደክማል። በአንድ ጊዜ የማይሰብረው ጭነት ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ጥግ፣ ጭረት ወይም የብየዳ ጠርዝ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየገፋ ይሄዳል፤ የቀረው ጤነኛ ክፍል ሲያንስ ቀላል ጭነትም ይበጥሰዋል። ስለዚህ አሥር ዓመት መሥራቱ ለነገ ዋስትና አይሆንም፤ ዕድሜው ያለቀው በእነዚያው ዓመታት ነው።

አንድ ሹፌር የተሰበረ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) አምጥቶ የሚያብለጨልጨውን ሸካራ ክፍል እያሳየኝ «አየህ፣ ውስጡ አሸዋ ነው» አለኝ። ያ ክፍል በመጨረሻዋ ቅጽበት የተበጠሰው ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ፊት ግን ለስላሳ ነበር፤ ስንጥቁ ሲገፋ የተዋቸው፣ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ቅስት መስመሮች ነበሩበት። ነጥቧ የት ነበረች? አንድ በያጅ ኤሌክትሮዱን (የብየዳ ዘንጉን) ያስነካባት ቦታ ላይ።

«አዲስ ከሆነ አይደክምም» የሚሉም አሉ። የሚቆጠረው ዓመት ሳይሆን ምልልስ ነው። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1954 በጥርና በሚያዝያ ሁለቱ ጣሊያን አቅራቢያ አየር ላይ ተበታተኑ። መሐንዲሶች የሌላ ኮሜት አካል ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው በየበረራው እንደሚሆነው የውስጡን ግፊት ደጋግመው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ፣ ወደ 3,000 በረራ የሚያህል ምልልስ ሲደርስ ተቀደደ።

«ጠጣር ብረት አይሰበርም» ለሚል፦ ሞረድ በመዶሻ ምቱ፣ ይሰበራል፤ ሚስማር ይጎብጣል።

«ግሬዱ (የጥንካሬ ደረጃው) ከፍ ያለ ብረት ብዙ አይለመጥም» ለሚል፦ ውፍረቱና ጭነቱ እኩል ከሆነ፣ ጎብጦ እስከሚቀርበት ድረስ ባለ ከፍተኛ ግሬዱም ተራውም እኩል ይለመጣሉ።

ዕቃ ሲሰበርባችሁ ሁለቱን ፊቶች እያጋጠማችሁ አትሞክሩ፣ በብሩሽ አትፈግፍጉ፤ ማስረጃው ይጠፋል። በደረቅ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አምጡ። አክስል በይዶ መመለስንም ተዉ፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፣ አዲሱ ስንጥቅም እዚያው ይነሳል። ቀይሩት። የወዲያኛውን ጎን አክስልም አስፈትሹ፤ እሱም የዞረው ያንኑ ያህል ነው።