መቃብር ለሌለው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 18 የቅዱስ ጊዮርጊስን ዝርወተ ዐፅም፣ ዐፅሙ የተበተነበትን መታሰቢያ፣ አከበርን። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለው ጊዮርጊስ ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ አንዲት እናት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ልጃቸው ዘምቶ ቀርቷል። አስከሬኑ አልመጣም። አጠገባቸው የነበረች ሴት «አፈር ያልቀመሰ ሰው ነፍሱ ትንከራተታለች ይባላል» ስትላቸው ሰማሁ።

ወገኖቼ፣ ይህን ከየት አመጣነው? ደግሞ በዚያ ቀን፣ በዚያ ግቢ! ንጉሡ ዱድያኖስ የሰማዕቱን የጊዮርጊስን ሥጋ አቃጥሎ፣ አስፈጭቶ፣ ደብረ ይድራስ በተባለ ተራራ ላይ በነፋስ አስበተነው። ደብዛው እንዲጠፋ ነበር ሐሳቡ። ዐፅሙ ያረፈበት ሣርና ቅጠል ግን «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» እያለ አመሰገነ። ጌታም ከትቢያ አስነሣው። ያከበርነው እኮ ይህንኑ ነው።

«እግዚአብሔር አጥንቶቻቸውን ሁሉ ይጠብቃል፥ ከእነርሱም አንድ አይሰበርም» ይላል ዳዊት በመዝሙር 33። ይህን ቃል ለብዙ ዓመት ፈርቼው ኖሬአለሁ። የጓደኛዬ አጥንት ሲሰበር በዓይኔ አይቻለሁና።

የዘጌ ልጅ ነበር። የካቲት 1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ባድሜ ላይ ወደቀ። ምሽግ ውስጥ ሳያማትብ ምንም አይቀምስም። እንደ ድንጋይ የደረቀውን ኮቾሮ በሳንጃው እጀታ ለሁለት ይሰብረዋል፤ ትልቁ ቁራሽ ሁልጊዜ የእኔ ነው። ሲወድቅ ማተቡን እንኳ ለእናቱ ላመጣላቸው አልቻልኩም። ወደፊት ተባልን፣ ሄድን።

ኋላ ነው የገባኝ። የሰማዕቱም ዐፅም ተፈጭቷል። ታዲያ መዝሙሩ ዋሸ? በፍጹም። እግዚአብሔር የሚጠብቀው እኛ ሣጥን ውስጥ እንደምናስቀምጠው አይደለም። ነፋስ የበተነውን አንድ በአንድ ያውቀዋል። ከምሽጉ ማዶ ሆነው በዚሁ ሰማዕት ስም ይማፀኑ የነበሩትንም ያውቃቸዋል። እነሱም እናት አላቸው።

እናቴ፣ የልጅዎ መቃብር የት እንዳለ ባያውቁ የክርስትና ስሙን ያውቁታል። እሱን ለካህን ይስጡ። ለሙታን በሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው ስሙ ነው።

እኛ ጓደኞቹስ? ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። «አንረሳህም» እንላለን። ስሙን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ግን ስንቱ ነው? ያሳዝናል። እኔም ከሠራዊቱ ተመልሼ ፍትሐት ላስደርግለት ስሄድ ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከአንድ ኮዳ ጠጥተናል፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰናል፤ የክርስትና ስሙን አላውቅም።

በማግሥቱ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። እናቱን ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡና ስሙን ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ወረቀት አልያዝኩም። መዳፌ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኩት። ስመለስ ውኃው እንዳይረጨው እጄን ብብቴ ሥር ሸሽጌ መጣሁ። ካህኑ መነጽራቸውን አድርገው ከመዳፌ ላይ አነበቡት።