አቃቤ ሕግ ያልከሰሰውን አሠልጣኝ ዩኒቨርሲቲ ማሰናበት ይችላል?

«በወሲባዊ ጥቃት የተጠረጠረን አሠልጣኝ አቃቤ ሕግ ካልከሰሰው ዩኒቨርሲቲው በምን ሥልጣን ያባርረዋል?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ የአሜሪካን አሠራር ላብራራ። አቃቤ ሕግ ሰውን ለማስቀጣት ጥፋቱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ ዩኒቨርሲቲው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው፣ በትምህርት ተቋማት በፆታ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን በሚከለክለው ታይትል ናይን በተባለው ሕግ መሠረት ሲያጣራ የሚፈለግበት ማስረጃ ከዚያ ያነሰ ነው። ለምሳሌ አንዲት ሯጭ አሠልጣኟ በማሸት ሰበብ እንደነካካት ብታመለክትና ያየ ሰው ባይኖር፣ በማግስቱ ለጓደኛዋ የላከችው መልእክትና የእሱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ለወንጀል ፍርድ ባይበቃ እንኳ ከሥራ ለማሰናበት ሊበቃ ይችላል። ብዙ ተቋማት የማስረጃው ሚዛን ወደሚደፋበት ወገን ይወስናሉ፤ ጠንከር ያለ ማስረጃ የሚጠይቁም አሉ።

ክስ አለመመሥረት ንጹሕነትን አያረጋግጥም። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር እ.ኤ.አ. በ2014 የወሲባዊ ጥቃት አቤቱታ ቀርቦበት በዩኒቨርሲቲው ማጣሪያ ነፃ ተባለ፤ የፖሊስ ምርመራ ገና ሳይዘጋ ታካሚዎችን ማየቱን ቀጠለ (ይህን ዛሬም ለመረዳት ይከብደኛል)፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻም አቃቤ ሕግ ሳይከሰው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሌሎች ተጎጂዎች ወጥተው ከመሰከሩበት በኋላ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ለዩኒቨርሲቲ ማመልከት ለፖሊስ እንደማመልከት አይቆጠርም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል። ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ (ይርጋ) እና የትኛው ሠራተኛ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ግን እንደየግዛቱ ይለያያል።