አቅራቢ ነዎት ወይስ ተጠቃሚ?

ፍራንክፈርት ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ወዳጄ «እኔ ሶፍትዌር አልሠራ፣ ይህ ሕግ ምን ይመለከተኛል?» አለችኝ። ይመለከታታል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2024 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሕግ ሠሪውን ብቻ ሳይሆን ለሥራው የሚገለገልበትንም ይይዛል። ሠርቶ ገበያ ላይ ያዋለው «አቅራቢ» ነው፤ እሷ ደግሞ «ተጠቃሚ» ናት። ከባዱ ሸክም ያለው አቅራቢው ትከሻ ላይ ነው።

የምትገለገልበት የሰው ሰራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የሜኑ ጽሑፍ ቢያሳምርላት ብዙም ጣጣ የለውም። አስተናጋጅ ልቅጠር ብላ የአመልካቾችን ሲቪ እንዲያበጥርላት ካደረገች ግን «ከፍተኛ ስጋት» የሚባለው ምድብ ውስጥ ትገባለች፤ ውጤቱን የሚከታተልና ሲያስፈልግ የሚሽር ሰው መመደብ ይኖርባታል። ያንኑ ፕሮግራም የራሷን ስም ለጥፋ ብትሸጠውማ አቅራቢዋ እሷው ሆነች።

ሰው የሚደነግጠው ከቅጣቱ ነው፦ ጭራሽ ለተከለከሉ አሠራሮች እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓመታዊ ገቢ 7 በመቶ። ለትልልቆቹ ጣሪያው ከሁለቱ የሚበልጠው ነው፤ ለትንንሾቹ ግን የሚያንሰው። (ይቺን ሐረግ ብዙዎች ሳያነቧት ያልፋሉ።) በዓመት 300 ሺህ ዩሮ ለሚያስገባ ቤት ጣሪያው 21 ሺህ ይሆናል ማለት ነው።