ካውንት ባግ

ካውንት ባግ (ረድፍ ቆጣሪው የካውንት ትእዛዝ ላይ የሚታይ ስህተት) ከዳታቤዝ ኦፕቲማይዘር፣ ማለትም ጥያቄ የሚሠራበትን ፈጣን መንገድ ከሚመርጠው ክፍል፣ ስህተቶች ሁሉ ስሙ የገነነ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉድለቱ ያለው በአንድ ሶፍትዌር ኮድ ውስጥ ሳይሆን፣ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጥያቄን ለማፍጠን በወጣ ደንብ ላይ ነው። ደንቡ የሥራውን ቅደም ተከተል ይለውጣል። ጥያቄው በፍጥነት ይመለሳል፣ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፣ መልሱ ግን ጎደሎ ነው።

መነሻው ሳን ሆዜ፣ የአይቢኤም ምርምር ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ የተሠራው ሲስተም አር የተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት እስከ ዛሬ ያበላናል፤ እነ ፓትሪሺያ ሴሊንጀር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኦፕቲማይዘር ንድፍ አሁንም የዘርፉ መሠረት ነው። የሚያስቸግረው በጥያቄ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ሲኖር ነበር። ውስጠኛው ለእያንዳንዱ የውጭኛው ረድፍ እንደገና ይሠራል፤ ይህ ደግሞ ይንቀረፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዎን ኪም መላ አመጡ። ውስጠኛውን ሠንጠረዥ አስቀድሞ በቡድን ቆጥሮ፣ ውጤቱን ከውጭኛው ጋር ጆይን ማድረግ፣ ማለትም ተዛማጅ ረድፎችን ማጣመር።

ቨርነር ኪስሊንግ እ.ኤ.አ. በ1984 ቀዳዳውን አሳዩ። በመጋዘን ያለው ብዛት ከእ.ኤ.አ. 1980 በፊት ከገቡት ጭነቶች ቁጥር ጋር እኩል የሆነ ዕቃ ይፈለግ እንበል። ዕቃ 10 በመጋዘን 1 አለው፣ የገባለትም 1 ጭነት ነው። ዕቃ 8 በመጋዘን 0፣ ጭነቱም 0። ትክክለኛው መልስ ሁለቱም ናቸው። አስቀድሞ ሲቆጠር ግን ዕቃ 8 ምንም ረድፍ ስለሌለው ቡድን አይኖረውም። ቡድን ከሌለው ዜሮም የለውም፤ ጆይኑ ላይ ይወድቃል። ሰም (ድምር)፣ ማክስ (ትልቁ) እና ሚን (ትንሹ) ግን እንዲህ ባለ ንጽጽር አይጎዱም። ረድፍ ሲያጡ ነል (እሴት የለም የሚል ምልክት) ይመልሳሉ፤ ነል ደግሞ ከምንም ጋር እኩል ስለማይሆን ረድፉ ያኔም መቅረቱ አይቀርም።

ጋንስኪና ዎንግ እ.ኤ.አ. በ1987 አውተር ጆይንን (አቻ ያጣውን ረድፍ ሳይጥል በነል ሞልቶ የሚያቆይ ጆይን) ተጠቅመው ደንቡን አቃኑት፤ የተደጋገሙ እሴቶች የሚያመጡትንም ችግር አብረው ፈቱ። በኋላ ንዑስ ጥያቄን ወደ ጆይን የመቀየሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 በማይክሮሶፍት፣ በ2015 ደግሞ በሙኒክ ቀጥሏል።

አውተር ጆይኑ ብቻውን ግን አያድንም። ካውንት ኮከብ (COUNT(*)፣ ረድፍን ሁሉ የሚቆጥረው) ከተጻፈ፣ በነል የተሞላው ረድፍ ራሱ እንደ 1 ይቆጠርና ዕቃ 8 እንደገና ይጠፋል። መቆጠር ያለበት ከውስጠኛው ሠንጠረዥ የመጣ፣ በራሱ ነል የማይሆን ዓምድ ነው። ንዑስ ጥያቄን በእጁ ወደ ሌፍት ጆይን (አንዱ የአውተር ጆይን ዓይነት) የሚቀይር ፕሮግራመርም በብዛት የሚሸወደው እዚሁ ጋ ነው።