ከባናው ሥር የሚታየው ብርሃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ? በዓለ ጥምቀቱን በሰላም ያሳለፈን አምላክ ይመስገን።

ዘንድሮ ከተራን ያደርኩት ባደግኩበት ከተማ፣ ደብረ ብርሃን ነው። የጥር ሌሊት እዚያ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሣሩ በውርጭ ይነጣል፤ እግር ጫማ ውስጥ ሆኖ ይደነዝዛል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ካህናቱ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፤ ምእመናኑም ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል። እግሬን ላፍታታ ብዬ ዞር ዞር ስል፣ ከአጥሩ ጥግ አንድ ወፍራም የመንዝ ባና አየሁ። ከሥሩ አራት አምስት ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተሰብስበዋል። በባናው ጠርዝ በኩል ብርሃን ይታያል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጧፍ አብርተው ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ መሰለኝ። «ባናውን እንዳታቃጥሉት» ልላቸው ጠጋ አልኩ። የጧፍ ብርሃን ግን ቢጫ ነው። ይሄኛው ሰማያዊ ነው፤ ደግሞም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል።

ጠርዙን ገለጥ አደረግኩት። ስልክ ነው። የሚያዩትን አልነግራችሁም። ታቦት ባደረበት ሜዳ ይቅርና የትም ቦታ ልጅ የማያየው ነገር ነው። ትልቁ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ ደፍቶ «ጋሼ፣ በናትህ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ» አለኝ።

እጄ ለጆሮው ተነስቶ ነበር። መለስኩት። የመለስኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ያንን ሰማያዊ ብርሃን ስለማውቀው ነው።

እኛ ልጅ በነበርንበት በ1990ዎቹ ስልክ የለም፤ ቪዲዮ ቤት ነበር። በየሰፈሩ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ ከፊቱ አግዳሚ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል (የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጆች ነን፣ ብርድ ልብስ አይጠፋም)። ቀን ቀን ካራቴና የህንድ ፊልም ነው። መግቢያው 50 ሳንቲም። በሩ ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ባለቤቱ የቀኑን ያጠፋና «ለአዋቂ ብቻ» ብሎ ይጽፋል።

ያን ጊዜ ልጅ አይገባም ብላችሁ እንዳታስቡ። ለልጅ 1 ብር ይሆናል። እጥፍ። «ከፊት መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ አንገታችሁን ድፉ፤ ሰው ሲገባ እንዳያያችሁ» ይለን ነበር።

እኔ የገባሁት በ10 ዓመቴ ነው። ቀኑ አርብ ነበር። እናቴ የጧፍ መግዣ ብላ 1 ብር ሰጥታኝ ነበር። ቤት ስመለስ «ሱቁ ዝግ ነው» አልኳት። «እንግዲያስ ነገ» አለች። ምንም አልጠረጠረችም። ዛሬም ጧፍ ስገዛ ያቺ «እንግዲያስ ነገ» ትሰማኛለች።

ያየሁትን እዚህ አልጽፍም። ክፉ ነገር ሲተረክ ይዘራል። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ከዚያ ሌሊት ውስጤ የቀረው ትልልቅ ሰዎች ይቀራል ብለው የሚፈሩት አይደለም። ግማሹን እኮ አልገባኝም። የገባኝ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ማልቀሷ ነው። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ወንዶች ደግሞ ይስቁ ነበር። ዞሬ አየኋቸው። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ስታለቅስ ይሳቃል ማለት ነው ብዬ ተማርኩ። ይህን ትምህርት ከውስጤ ለመንቀል ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ባለቤቴ ታውቃለች።

በዚያው ወራት እኮ የቄስ ትምህርት ቤት እማር ነበር። ጠዋት ጠዋት የኔታ ፊት ነኝ። መልእክተ ዮሐንስን ጨርሼ ዳዊት ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው የንባብ ትምህርታችን መልእክተ ዮሐንስ መሆኑን አስቡት። «የሥጋ ምኞትና የዓይን አምሮት» የሚለው እዚያ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ሳናውቅ ጮክ ብለን እናነባለን። ማታ ደግሞ ትርጓሜው ቪዲዮ ቤት ይጠብቀናል።

ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምረን ልጅ አንድ ቀን ስለ ዓይን ኃጢአት ሲናገር የስምዖን ጫማ ሰፊን ታሪክ ነገረን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጫማ ልታሠራ የመጣች ሴት ላይ ዓይኑ ባረፈ ጊዜ በወስፌው ዓይኑን ያወጣው፣ ኋላም በጸሎቱ የግብፁ ሙቀጠም ተራራ የተነሣለት ታላቅ ጻድቅ ነው። በረከቱ ይደርብን። መምህራችን ግን ታሪኩን ተናግሮ እዚያው ላይ አቆመ። «እናንተስ?» ብሎ ዙሪያውን አየን፤ ከዚያ ወደ መዝሙር ሄድን።

ቤት ገባሁ። እናቴ ሰፌድ ትሰፋ ነበር። ወስፌዋ አክርማው ውስጥ እንደተሰካ ቀና ብሎ ያየኛል። ያን ቀን ራት አልበላሁም። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ወስፌውን ነቀልኩና ወስጄ ጣሪያው ሥር፣ ማገሩ መሀል ሸጎጥኩት። እንዳያየኝ። እናቴ ሳምንት ሙሉ ፈለገችው። ጎረቤት ወስዳው ይሆናል ብላ ተጠራጠረች።

መምህራን ሆይ፣ ለልጅ የጻድቃንን ገድል ስትነግሩ ጨርሱለት። «ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት» የሚለውን አባቶቻችን ምክንያተ ስሕተትን ስለ መቁረጥ ነው ብለው ተርጉመውታል እንጂ ብረት አንሱ አላሉም። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በመጀመሪያው ቀኖናቸው የደነገጉት ራሱን በገዛ እጁ የሰለበ ጤነኛ ሰው በክህነት እንዳያገለግል ነው። የስምዖን ነገር የስምዖን ነው፤ ተራራም ተነሥቶለታል። ለ10 ዓመት ልጅ የሚነገረው ሌላ ነው።

ለልጅ የሚነገረው ምንድን ነው? እኔ አንድ ጥቅስ አለኝ። ከመዝሙረ ዳዊት ሁሉ የምወዳት። «ከንቱ ነገርን እንዳያዩ ዓይኖቼን መልስ፤ በመንገድህ ሕያው አድርገኝ።» መዝሙር 118፥37። የዕለቱን ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን መዝሙር የሚያገኘው አርብ ነው። ረጅሙ መዝሙር ነው፤ 176 ቁጥር አለው፤ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም በ22 ተከፍሏል። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ፣ ሄ እያለ ይሄዳል። «ጐልማሳ መንገዱን በምን ያነጻል?» የሚለው «ቤት» በሚለው ክፍል ነው። ልጆች ሆነን «ቤት» ላይ ስንደርስ ቪዲዮ ቤት ትዝ እያለን እርስ በርስ እንቆነጣጠር ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። የኔ ጥቅስ ያለችው ግን «ሄ» ላይ ነው።

«መልስ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱልኝ። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። ከማዶ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ «መልስ! መልሳት!» ብሎ ሲጮህ ላሟ የሰው ገብስ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ሜዳዋ ላይ ያለችን ላም መልስ የሚል የለም። የሚመለስ የሄደ ነው። ዳዊት ደግሞ እረኛ ነበር። ቃሏን ሜዳ ላይ ነው የተማራት። ኋላም ንጉሥ ሆኖ፣ ማታ ከምንጣፉ ተነሥቶ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ዓይኑ የት እንደገባች ሁላችንም እናውቃለን። «ዓይኔ አልሄደችም» አላለም። «ራሴ መለስኳት» ብሎም አልተመካም። «አንተ መልስልኝ» አለ። ይህ አይቶ የማያውቅ ሰው ጸሎት አይደለም። ያየ ሰው ጸሎት ነው።

ደግሞ እረኛ ገብስ የገባችን ላም አያርድም። ይመልሳታል። በርግጥ ገብስ የቀመሰች ላም በነጋታውም ወደዚያው ትሄዳለች። በሦስተኛውም ቀን። ለዚህ ነው ጥቅሷ በየሳምንቱ የምትደገመው። ከመለሷት በኋላም የምትግጠው ያስፈልጋታል፤ «በመንገድህ ሕያው አድርገኝ» ይላልና። ስልክ ነጥቆ ልጁን ባዶ ግድግዳ ላይ ማፍጠጥ ግማሽ ጸሎት ነው።

አሁን የማናግረው እንደኔ ያየውን ነው። ቅዳሴ ላይ ቆመህ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲል፣ አንተም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» (በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው) ልትል አፍህን ስትከፍት ያ ሥዕል ይመጣብሃል። ከስንት ዓመት በኋላ። ትደነግጣለህ። ቁርባን ትሸሻለህ። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ትላለህ። አንቺም እህቴ፣ ከታላላቆችሽ ጋር ተቀምጠሽ ሳታውቂ ያየሽው እስከ ዛሬ የሚያሸማቅቅሽ። አውቃለሁ።

እኔ 13 ዓመት ተሸክሜዋለሁ። በ23 ዓመቴ ነው ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው። ነጠላ ለብሰው ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመው ነበር። መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። ቁጣ ጠበቅኩ። እሳቸው የጠየቁኝ «ስንት ዓመትህ ነበር?» ብለው ነው። «10» አልኩ። «ማን አስገባህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላና «እኛስ የት ነበርን ልጄ?» አሉ።

ስለዚያ ሥዕል ደግሞ እንዲህ አሉኝ። «ጅብ በደጅህ ቢያልፍ ቤቱ የጅብ ቤት አይባልም። አንተ በሩን አትክፈትለት።» ሐሳብ መጣ ማለት በኀልዮ፣ ማለትም በሐሳብ፣ በደልክ ማለት አይደለም። አስቀምጠህ ስታጫውተው ነው። ሲመጣ አትከራከረው፤ አማትብና ወደ ቅዳሴህ ተመለስ። ቁርባንህን ግን በሱ ምክንያት አትተው። 40 ስግደት ሰጡኝ፤ በየቀኑ «ሄ»ን እንድደግም አዘዙኝ። ለጧፉ ብርም መላ ነገሩኝ። እናቴ በሕይወት ስለነበረች ሄጄ እንድነግራት። እሱ ከስግደቱ ይከብድ ነበር። ስለ ወስፌው ስነግራት ግን ሳቀች።

ወላጆች፣ አሁን ወደናንተ ልምጣ፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ጌታ «ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል» ላለው ሰው የሚሻለው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በጥልቅ ባሕር መስጠም እንደሆነ ተናግሯል። የእናቶቻችንን የእጅ ወፍጮ አንድ ጎረምሳ ብቻውን አያነሳውም። ጌታ ያለው ደግሞ አህያ የሚያዞረውን ትልቁን ነው። ይህን ቃል ስሰማ ድሮ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ትዝ ይለኝ ነበር። ልክ ነው፣ ብሎም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሰው ቢያንስ በር ነበረው። 1 ብር የሌለው ልጅ ይመለሳል። እናት ድንገት መጥታ ከፀጉሩ ይዛ ታወጣዋለች። እናንተ ለልጃችሁ የገዛችሁለት ቪዲዮ ቤት በር የለውም። በረኛ የለውም። ማታ 2 ሰዓትን አይጠብቅም። ሰሌዳ ላይም አይጽፍም።

«ዝም እንዲልልኝ ነው የሰጠሁት» ትላላችሁ። አዎ፣ ዝም ብሏል። ምን እያየ ዝም እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ልጁን «ጾም ነው፣ ወተት አትንካ» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። ዓይኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ፍስክ ነው። ደግሞ ልጁ ያየውን መጀመሪያ ያየው ማን ስልክ ላይ ነው? ይህንን እዚህ ልተወው። የሚገባው ይገባዋል።

ልጃችሁ አይቶ ካገኛችሁት በጥፊ አትጀምሩ። የተመታ ልጅ የሚማረው ባናውን በደንብ መከናነብ ነው። እንደ ንስሐ አባቴ «ማን አሳየህ?» በሉት። ከዚያ መልሱን ለመስማት ቻሉ።

ከተራው ሌሊት ላይ ነበርን። እጄን ከመለስኩ በኋላ «እስኪ ጠጋ በሉልኝ፣ በረደኝ» አልኳቸው። ተያዩ። ቦታ ለቀቁልኝ። ባናው የበግ የበግ ይሸታል፤ ደስ ይላል። ስልኩን አጠፋውና ጨለማ ሆነ። ስለ ቪዲዮ ቤቱ ነገርኳቸው፤ ስለ ጧፏ ብርም። ትልቁ «አንተም ጋሼ?» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ነገ ለእናቱ ራሱ እንዲነግራት፣ ከፈለገ አብሬው እንደምሄድ ተስማማን። አልወደደውም፤ ግን እሺ አለ።

«ዳዊት የሚያውቅ አለ?» ስል ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ክርኑን ነቅነቅ አደረገ። የቄስ ተማሪ ነው። «ሄን በቃልህ ትወጣዋለህ?» አልኩት። ጀመረ። ጥርሱ በብርድ ይንገጫገጫል፤ ቃሉ ግን አይሳሳትም። እኔም አብሬው ቀጠልኩ። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ አንድ ቃል ዘለልኩ። በክርኑ ጎሸም አደረገኝና ከመጀመሪያው አስጀመረኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።