አእምሮ ኮምፒውተር ነው ሲባል

አእምሮ ኮምፒውተር ነው የሚሉ ፈላስፎች አሉ። ስለዚህ አባባል የሚሰሙ አራት አስተያየቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አንጎል ላፕቶፕ ነው ማለታቸው ነው።»

አይደለም። የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ስሌት ታዋቂ ጽሑፉን ሲያሳትም፣ በእንግሊዝኛ «ኮምፒውተር» የሚባለው ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚያሰላ ሰው ነበር። ቱሪንግ የዚያን ሰው ሥራ ፈታታው፦ ምልክት ማየት፣ መሰረዝ፣ መጻፍ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ንጽጽሩ ከሰው ወደ ማሽን ነው የተጀመረው፤ እኛ ገልብጠን ይዘነዋል። የፈላስፎቹ ጥያቄም ማሰብ እንዲህ በመመሪያ የሚመራ ሥራ ነው ወይ የሚል ነው። አንጎል ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚፈልግ የለም።

«ትውስታ የተቀመጠ ፋይል ነው።»

ይሄኛው ሥር የሰደደ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ባሳተሙት ሙከራ 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አዩ። 50ዎቹ «መኪኖቹ እንክትክት ብለው ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ተባሉ። ሌሎች 50 የተጠየቁት ለዘብ ባለ ቃል፣ «ሲጋጩ» ተብሎ ነው። ቀሪዎቹ ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ከመጀመሪያዎቹ 16ቱ፣ ከሁለተኛዎቹ 7ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ፋይል በጠያቂው ግስ አይለወጥም። እኛ ግን ባስታወስን ቁጥር እንደገና እንገጣጥማለን። ይህ ታዲያ አእምሮ አያሰላም ማለት አይደለም፤ ከተረፈ ፍንጭ ታሪክ መገጣጠምም ስሌት ሊሆን ይችላል። የወደቀው የተቀመጠ ፋይል ምሳሌ ብቻ ነው።

«ጆን ሰርል ማሽን እንደማያስብ አረጋግጧል።»

ፈላስፋው ሰርል በ1980 ያቀረበው ምሳሌ የታወቀ ነው፦ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት፣ የመመሪያ መጽሐፍ እያየ በቻይንኛ ለተጻፈ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያወጣል። ግን ምንም አልገባውም። ከዚህ ሰርል ያወጣው መደምደሚያ ፕሮግራም ማስኬድ ብቻውን መረዳትን አያመጣም የሚል ነው። ማሽን ያስባል ወይ ለሚለውማ መልሱ አዎ ነበር፤ እኛ ራሳችን እንዲህ ያለን ማሽኖች ነን ባይ ነው። ጠቅሰውት የሚከራከሩ ሰዎች ይህችን ይዘሏታል።

«ስሌት ካልሆነ ምስጢር ነው።»

ሦስተኛ መንገድ አለ። ፈላስፋው ቲም ቫን ጌልደር በ1995 የእንፋሎት ሞተር መቆጣጠሪያን ለአእምሮ ምሳሌ አድርጎ አነሣ፦ ሞተሩ ሲፈጥን የሚሽከረከሩ ሁለት ኳሶች ከፍ ይላሉ፣ የእንፋሎቱ መግቢያ ይጠባል፤ ሲዘገይ ይወርዳሉ፣ ይሰፋል። ፍጥነቱን ለክቶ የሚያሰላ የለም፤ ግን ፍጥነቱ ይጠበቃል። ሚዛን ጠብቆ ለመራመድ ይህ በቂ ይመስለኛል። ገና ያልመጣን ነገ ለማቀድ ግን ኳሶቹ ምን ይዘው እንደሚሽከረከሩ አይታየኝም።