«ልጄ ጌይ አይደለም፤ ታዲያ ሕጉ ምን አገባው?»

ይህ ጥያቄ ግሩፓችን ላይ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ መጣ። የማወራው ስለ ካሊፎርኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው።

የስቴቱ ሕግ ተማሪን በፆታ ዝንባሌው ምክንያት ማዋከብን ሲከለክል «ያለው ወይም አለው ተብሎ የታሰበ» ይላል። ከ2000 ጀምሮ እንዲህ ነው። ግራ የምታጋባው ሁለተኛዋ ሐረግ ናት። የሚታየው የተሰዳቢው ማንነት ሳይሆን ተሳዳቢው ያሰበው ነው ማለት ነው።

እንበል የ13 ዓመት ልጅ ነው። ድምፁ ቀጠን ይላል፣ ኳስ አይወድም። ልጆቹ ሎከሩ ላይ በማርከር «ጌይ» ብለው ይጽፉበታል፣ ምሳውን ይደፉበታል። ይሁን አይሁን ማንም ሊጠይቀው አይገባም። አቤት ልትሉ ስትሄዱም «ልጄ እንደዚያ አይደለም» እያላችሁ መማል አያስፈልግም። (እኛን ደግሞ መጀመሪያ የሚቀናን እሱ ነው።) ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ይሰማል፤ ቢሆንስ?

ሌላም ቁርጥ ያለ ነገር አለ። በፈረንጆቹ ከጁላይ 2012 ጀምሮ ድርጊቱን ያየ የትምህርት ቤት ሠራተኛ፣ አደጋ ከሌለው፣ ወዲያው ጣልቃ መግባት አለበት። «ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው» ብሎ ማለፍ አይችልም።

ከትምህርት ቤት ዲስትሪክት ዲስትሪክት የሚለያየው ቅጹ፣ አቤቱታ ተቀባዩና የምርመራው የጊዜ ገደብ ነው፤ ዲስትሪክታችሁን ጠይቁ። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ፤ አንዳንዱ የፆታ ዝንባሌን በስም አይጠቅስም። ሎከሩ ከመጽዳቱ በፊት ግን የትም ብትሆኑ ፎቶ አንሱት።